የጋራ ፖስታ ጨዋታ

ውድ አባላት፣

ስለ ፍትሕና የጋራ ጥቅም ስታስተምሩ ትርጉም ከማስጻፋችሁ በፊት ይህን አጫውቱ። ተማሪዎቹን 4 4 አድርጋችሁ መድቡ፤ ለእያንዳንዱ 10 ጠጠር ስጡ። የፈለገውን ያህል በድብቅ ፖስታ ውስጥ ያስገባል፤ እናንተ ድምሩን እጥፍ አድርጋችሁ እኩል ታካፍላላችሁ። ሁሉም 10ሩንም ካስገቡ 40ው 80 ይሆንና 20 20 ይደርሳቸዋል። አንዱ ምንም ካላስገባ ግን ሦስቱ 15 15 ሲያገኙ እሱ በእጁ ካስቀረው 10 ጋር 25 ይዞ ይወጣል። ጭቅጭቁ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ አታብርዱት።

ዙሩ በገፋ ቁጥር መዋጮው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ የሰጠው ልጅ «እኔ ብቻ ሞኝ ልሁን?» ይላል። ከ5ኛው ዙር በኋላ አቁሙና ደንብ ራሳቸው ያውጡ፤ ከዚያ 3 ዙር ይጨመር።

ትምህርቱን በአብዛኛው የሚያበላሸው መምህሩ ነው፦ ያላስገባውን በስም ይጠራል፣ ወይም ገና በ2ኛው ዙር ምክር ይጀምራል። ያኔ ልጆቹ ጠጠር የሚያስገቡት እሱን ደስ ለማሰኘት ይሆናል። ማርክም አትስጡበት።

በመጨረሻው ዙር ከየቡድኑ ለአንዱ 4 ጠጠር ብቻ ስጡ። ሁሉም ያላቸውን ካስገቡ ለእያንዳንዱ 17 ይደርሳል፤ 4 የሰጠውም 10 የሰጠውም እኩል። ለዚህ ውይይት ቢያንስ 15 ደቂቃ አስቀሩ።