ለደንበኞቻችን፦ ኔት ቢጠፋም ካሜራችሁን በኮምፒውተር ማየት ትችላላችሁ

ጎንደር፣ ፒያሳ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የካሜራ ሬከርደርን በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ስለማገናኘት

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ከአራዳም፣ ከማራኪም፣ ከአዘዞም የሚደወልልን ስልክ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኔት ጠፋ፣ ካሜራው አልሠራ አለ»። ካሜራውስ እየሠራ ነው። ያልሠራው በስልካችሁ የምታዩበት አፕ ነው። ከሱቃችሁ ውጭ ሆናችሁ ስትከፍቱት ያለ ኢንተርኔት አይሆንም። ሬከርደሩ ግን መብራት እስካለው ድረስ መቅረጹን አያቋርጥም። የቀረጸውን ለማየትም አንድ ኮምፒውተርና አንድ የኔትወርክ ገመድ ይበቃል።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚደክምበትን ነገር እናንሳ። ሬከርደሩን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ ምስል አትጠብቁ። የላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ምስል ያወጣል እንጂ አይቀበልም። ሬከርደሩም እንደዚያው አውጪ ነው። ሁለት ተናጋሪ፣ ሰሚ የለም። ቪጂኤ የሚባለው የቆየው የምስል ገመድም ያው ነው። ኤችዲኤምአይ ለቴሌቪዥን፣ የኔትወርክ ገመድ ለኮምፒውተር።

ራውተር ካላችሁ ሥራው ቀላል ነው። ሬከርደሩንም ኮምፒውተሩንም በገመድ ራውተሩ ላይ ሰኩ። ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ሁለቱን ያገናኛል፤ ይህን ብዙዎቻችሁ አታምኑንም፣ ግን ሞክሩት።

ራውተር ከሌለ ገመዱን ከሬከርደሩ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ውሰዱ። ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ሬከርደራችሁ ኤንቪአር፣ ማለት ካሜራዎቹ በኔትወርክ ገመድ የሚገናኙበት ዓይነት፣ ከሆነ ጀርባው ላይ ተደርድረው የምታዩዋቸው ቀዳዳዎች የካሜራዎቹ ናቸው፤ እናንተ የምትፈልጉት ለብቻው ያለውን፣ ላን የሚል የተጻፈበትን ነው። ጫፉ ቀጭ ብሎ ሲገባ አጠገቡ ያለችው ትንሽ አምፖል መብራት ወይም ብልጭ ድርግም ማለት አለባት። ጭል ካላለች ሌላውን ሁሉ ከመነካካታችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ።

ቀጥሎ አድራሻ ነው። በቀጥታ ሲገናኙ አድራሻ የሚያድላቸው ራውተር ስለሌለ እናንተው ትሰጧቸዋላችሁ። በሬከርደሩ ሜኑ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱና ዲኤችሲፒን (አድራሻ በራሱ የሚቀበልበትን) አጥፉ። ከዚያ አይፒውን፣ ማለት የሬከርደሩን አድራሻ ቁጥር፣ እዩ። ለምሳሌ የዳሁዋ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.108 ይዘው ይመጣሉ። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ላይ በኢተርኔት ቅንብር ውስጥ 192.168.1.50 ብላችሁ ጻፉ፤ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0። ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ መሆን፣ የመጨረሻው መለያየት አለበት። የመጨረሻውም አንድ ከሆነ ይጋጫሉ።

የላፕቶፑን ዋይፋይ ለጊዜው አጥፉት። የቤታችሁ ዋይፋይም በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ሬከርደሩን በገመዱ ትቶ በዋይፋይ ሲፈልግ ይውላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ ክፈቱና ፒንግ (ping) ብላችሁ የሬከርደሩን ቁጥር አስገቡ። መልስ ከመጣ ተገናኝታችኋል።

ለማየት ቁጥሩን ብራውዘር ላይ መጻፍ ይቻላል፤ የቆዩ ሬከርደሮች ግን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ካልሆነ አንከፍትም ይላሉ፣ እሱ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት ወጥቷል። እኛ የምንመክራችሁ የአምራቹን ፕሮግራም ነው፤ ለሂክቪዥን አይቪኤምኤስ 4200፣ ለዳሁዋ ስማርት ፒኤስኤስ። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እንጭንላችኋለን። ፓስወርዱን በግምት ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ መሣሪያው ይቆለፍባችኋል።

አሁን ደግሞ ዋናው ራስ ምታት፦ ሰዓት። ሬከርደሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና የፈረንጅ ሰዓት ነው። ማታ 3 ሰዓት የጠፋ ዕቃ ለማግኘት 3፡00 ላይ ብትፈልጉ የምታዩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የተኛውን ዘበኛ ነው። ማታ 3 ሰዓት በሬከርደሩ 21፡00 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑም ይቀየራል፤ የማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነውን ረቡዕ 02፡00 ላይ ነው የምታገኙት። የ2017 ዓ.ም. ጥምቀትን፣ ጥር 11ን፣ የምትፈልጉ ጃንዋሪ 19፣ 2025ን ክፈቱ። የሰዓት ክልሉም ጂኤምቲ ሲደመር 3 መሆኑን እዩ።

የፈለጋችሁትን ስታገኙ ውላችሁ ሳታድሩ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት። ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ ሬከርደሩ ከአሮጌው ጀምሮ እየደመሰሰ ይቀርጻል። የፔንሲዮን ባለቤቶች፣ ይህችን በተለይ ለእናንተ ነው የጻፍናት፤ ፖሊስ ቪዲዮውን ሲጠይቃችሁ ቀኑ አልፎ እንዳይገኝ።

ስትጨርሱ የላፕቶፑን አድራሻ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ካልመለሳችሁት ቢሮ ሄዳችሁ ገመድ ስትሰኩ ኢንተርኔት እምቢ ሊላችሁ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ስለዚያ ልትደውሉልን ነው።

ካልሆነላችሁ የሬከርደሩን ጀርባና የኔትወርክ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን፤ ፓስወርድ ግን በፎቶ አትላኩ። በስልክ ካልተፈታ ላፕቶፑን ብቻ ይዛችሁ ወደ ሱቃችን ብቅ በሉ። ሬከርደሩን ነቅላችሁ እንዳታመጡ፤ በዚያ መሃል የሚሆነውን የሚቀርጽ የለም።

ከሰላምታ ጋር
የካሜራ ተከላና ጥገና ባለሙያዎቻችሁ