ለልጄ፦ የደም ምርመራው ይቆይሽ

ልጄ፣ እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ሌሊቱን ሙሉ ስትጽፊልኝ ስላደርሽ እንዴት እንዳለሽ አውቄዋለሁ። ስልኩን ያላነሳሁት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነው። አክስቶችሽ ቡና ከበው ተቀምጠው ስለ መሳሳም በስልክ ማውራት አልቻልኩም፣ ይቅርታ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ረዘም ይላል፣ ታግሰሽ አንብቢው።

ቅዳሜ ማታ ከአንድ ልጅ ጋር ተሳሳማችሁ (ስሙን ገና እጠይቅሻለሁ)። በማግስቱ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ቅርፊት አየሽ። ከዚያ ኢንተርኔት ከፈትሽ፣ አለቀልሽ። አሁን በስልክ መብራት ምላስሽን እያየሽ፣ ለደም ምርመራ ልትከፍዪ ካርድሽን አውጥተሽ፣ «ሕይወቴ አበቃ» ትዪኛለሽ። ኧረ አላበቃም።

ልጁ ላይ ያየሽው እኛ ቤት ምች የምንለው ነው። አያትሽ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ከንፈሯ ላይ እየወጣባት ዳማከሴ ጨምቃ የምትቀባው ማለት ነው። እኔም ጉንፋን ሲጥለኝ ይወጣብኛል፣ ደጋግመሽ አይተሽዋል። ያኔ አልፈራሽኝም። ቫይረሱ ያው ነው፣ ሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1። አያትሽ ፀሐይ ናት ያመጣችው ስትል ግማሹን እውነት ይዛለች፤ ፀሐይ ቫይረሱን አትወልደውም፣ የተኛውን ግን ትቀሰቅሰዋለች። ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ የወር አበባም እንደዚሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶው፣ ማለትም 3.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ይህ ቫይረስ አለበት ይላል። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፣ ከሚስመው ዘመድ። አንቺን ደግሞ አገላብጦ ያልሳመሽ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ስለዚህ ልጁን ከመወንጀልሽ በፊት ከኛ ቤት ይዘሽው የሄድሽ ሊሆን እንደሚችል አስቢበት። አንዴ የገባ ደግሞ አይወጣም፣ ጆሮ አካባቢ ያለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወጣበት ይኖራል።

አሁን ወደ ላክሽልኝ ፎቶ። ሦስት ጊዜ አጉልቼ አየሁት። የላይኛው ከንፈርሽ ጠርዝ ላይ የተደረደሩት የአሸዋ ፍሬ የሚያህሉ ፈዛዛ ቢጫ ነጥቦች የቅባት ዕጢዎች ናቸው። ብዙ ሰው አላቸው፤ ከንፈሩን በመስታወት አጉልቶ ስለማያይ ነው የማያውቀው። የምላስሽ ሥር ላይ ያሉት ጉብታዎችም ምላስሽ ራሱ ነው። ጉንጭሽ ውስጥ ያለችው መሃሏ ነጭ፣ ዙሪያዋ ቀይ ቁስል ደግሞ ሌላ ነገር ናት፣ ከሰው ወደ ሰው አትተላለፍም። ፈተና ሲደርስ ሁሌ የምትወጣብሽ ያቺው ናት።

ምች ሲወጣ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ምንም ሳይታይ አንድ ቦታ ላይ ይነዝርሻል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። በማግስቱ ግድም እዚያው ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩ ከቆዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ተጠጋግተው ይወጣሉ። ይፈርጣሉ፣ ማር የመሰለ ቅርፊት ይሠራሉ፣ ስትስቂ ይሰነጠቅና ይደማል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ጠባሳ ይድናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ላይ ጠንከር ሊል ይችላል፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ያበጠ ድድ፣ አንገት ላይ ንፍፊት። ከሳመሽ ቀን ጀምሮ ከ2 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚታየው። ካልታየ ወይ አልያዘሽም፣ ወይ ቀድሞም ነበረብሽ፣ ወይ ይዞሽ ድምፁን አጥፍቷል። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን የምታደርጊው ነገር አይለወጥም።

እናትሽ ዕድሜዋን ላቦራቶሪ ውስጥ ስለጨረሰች ስለ ምርመራው ትንሽ ታግሰሽ ስሚኝ። ልትከፍዪበት ያሰብሽው የደም ምርመራ ቫይረሱን አይፈልግም። ሰውነትሽ ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው፣ አይጂጂ የሚባለውን። እሱን ለመሥራት ሰውነት ሳምንታት ይፈጅበታል፣ እስከ 12 ሳምንትና ከዚያም በላይ። እንግዲህ ነገ ሄደሽ ደም ብትሰጪ ምን ታገኛለሽ? ፖዘቲቭ ከሆነ ከቅዳሜው ልጅ አይደለም፣ የድሮ ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ ስለ ቅዳሜ ምንም አልነገረሽም። ገንዘብሽን ሰጥተሽ ጭንቀት ገዝተሽ ትመለሻለሽ። በዚያ ላይ ለቁጥር 1 ምርመራው ብዙም አይታመንም፣ ካለባቸው 10 ሰዎች ሦስቱን ያህል «የለባችሁም» ሊል ይችላል። አፍ ላይ ይሁን ሌላ ቦታም አይለይም።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ላቦራቶሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ቁጥር 1ን፣ በአብዛኛው ብልት ላይ ከሚወጣው ከዘመዱ ከቁጥር 2 ጋር አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። የቁጥር 2 ውጤት ዝቅተኛ ፖዘቲቭ ሆኖ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የውጤት ቁጥር ከ1.1 በላይ ግን ከ3 በታች ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው። ስለ አንድ መሳሳም ልታረጋግጥ የሄደች ልጅ ያልያዛትን የአባላዘር በሽታ ወረቀት ይዛ ስታለቅስ ትመለሳለች። እንዲህ ዓይነት ውጤት በሌላ ዓይነት ምርመራ ሳይረጋገጥ አይታመንም፤ እዚያው አሜሪካ ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዌስተርን ብሎት የሚባለውን ይሠራል። አይጂኤም የሚባለውን ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ የሚፈልግ ምርመራ እንሥራልሽ ካሉሽ ደግሞ እምቢ በያቸው፣ አዲሱን ከድሮው አይለይም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲም ምልክት የሌለውን ሰው እንዲሁ መመርመርን አይመክርም። አጠቃላይ የአባላዘር ምርመራ ስታደርጊ ሄርፐስ አብሮ የማይሠራውም ለዚህ ነው፣ ረስተውት እንዳይመስልሽ።

የሚያስተማምነው ከቁስሉ የሚወሰደው ናሙና ነው። ውሃ የቋጠረ ነገር ከወጣብሽ ሳይደርቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ፣ ካምፓስ ክሊኒክ ሂጂና «ከዚህ ላይ ጠርጋችሁ ፒሲአር ሥሩልኝ» በያቸው፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ እሱ ነው። ቅርፊት ከሠራ በኋላ ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

ሄርፐስ የሚለው ስም ለምን እንዲህ እንዳስደነገጠሽ አውቃለሁ። እኛ አገር ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው አልማዝ ባለጭራን ያስባል፣ ከዚያ ደግሞ ኤች አይ ቪን። እሱ ሌላ ቫይረስ ነው፣ የጉድፍ። ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ስለ ልጁ። ሆን ብሎ እንዳደረገብሽ አድርገሽ አታስቢ። ብዙ ሰው ከንፈሩ ላይ የሚወጣው ነገር እንደሚተላለፍ እንኳ አያውቅም፣ ቁስል በሌለበት ቀንም ቫይረሱ በምራቅ ሊወጣ ይችላል። ደውዪለትና በቀጥታ ጠይቂው። ተቆጥቶ ስልኩን ከዘጋብሽ ስሙን መጠየቅም ይቀርልኛል።

አሁን ደግሞ ለእናት የማይመች ነገር ልንገርሽ። መንዘር ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው እስኪድን ድረስ መሳሳም የለም፣ በአፍ የሚደረግ ወሲብም የለም። የከንፈሩ ቫይረስ ብልት ላይም ይወጣል፣ እዚያ አገር ወጣቶች ላይ በዚህ መንገድ የሚይዘው ቀላል አይደለም። በቃ፣ ተናገርኩት። ብርጭቆ፣ ጉርሻ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ እያልሽ ግን አትጨነቂ። ቁስል ባለበት ሰሞን ሊፕስቲክና የከንፈር ቅባት አትዋዋሱ፣ ይበቃል።

ከወጣብሽ መድኃኒት አለ። ቫይረሱን አያጠፋውም፣ የቁስሉን ዕድሜ ያሳጥራል፣ እሱም ቶሎ ከተጀመረ ነው። ለአዋቂ ሰው የተለመደው ቫላሳይክሎቪር 2 ግራም፣ 12 ሰዓት ቆይቶ ሌላ 2 ግራም፣ በቃ አንድ ቀን። በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ መጠኑን ሐኪሙ ይቀንስለታል። የአሳይክሎቪር ቅባትም አለ፣ ጥቅሙ ትንሽ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ አልኮል ምናምን እንዳትነካኪው። ዳማከሴ ላኪልኝ እንዳትዪ፣ ኤርፖርት ላይ ይጥሉታል። በበጋ ሰንስክሪን ያለበት የከንፈር ቅባት ያዢ።

ዓይንሽ ከቀላ፣ ካመመሽና ብርሃን ካስቸገረሽ ግን ቀልድ የለም፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም። ቁስሉን ነክተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ኮንታክት ሌንስሽን አትንኪ። ከሁለት ሳምንት በላይ ካልዳነም ታዪ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቆጣሽ እችላለሁ። የአክስትሽ ልጅ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፣ ገንፎ ሊበላ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ሁሉም ሕፃኑን ልሳም ይላል። ለተወለደ ጨቅላ ይህ ቫይረስ ምች አይደለም፣ አእምሮው ድረስ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ከንፈርሽ ላይ ትንሽ ነገር ካለ እጅሽን ታጥበሽ፣ ማስክ አድርገሽ፣ ከሩቅ እዪው። ሌላ ሰው ከንፈሩ ቆስሎ ሊስም ሲጠጋ ካየሽም ዝም አትበዪ፣ ይቀየሙ። ለአክስትሽ ዛሬ እኔ ደውዬ እነግራታለሁ፣ ለልጅቷ አንቺ ንገሪያት።

እናትሽ