የፖከርን ችሎታ በአንድ ምሽት ውጤት አትለኩት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፖከር በተነሣ ቁጥር አንዱ «ዕድል ነው»፣ ሌላው «ችሎታ ነው» ይላል። ስንት ዙር ከተጫወቱ በኋላ እንደሆነ ግን ሁለቱም አይነግሩንም፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

በአንድ ዙር ዕድል ይገዛል። እያንዳንዱ ተጫዋች የግል ሁለት ካርታ ይዞ መሐል ከሚገለጡ አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር በሚያጣምርበት የፖከር ዓይነት፣ በቴክሳስ ሆልደም፣ ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ ሁለት አስ ነው፤ በአማካይ በ221 ዙር አንዴ ይደርሳል። ሁለት ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር ገና ምንም ካርታ ሳይገለጥ ሁሉም ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ የሚወራረዱበት) ቢገባ፣ አስ የያዘው ከ100 ጊዜ 82 ያህሉን ያሸንፋል። የቀረውን ምንም ሳያጠፋ ይሸነፋል።

ችሎታ የሚታየው ዋጋ ሲሰላ ነው። በእጅዎ ሁለት የልብ ካርታ አለ፤ ከተገለጡት ሦስት ካርታዎችም ሁለቱ ልብ ናቸው እንበል። ካላዩዋቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ልብ ስለሆኑ፣ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸውን አምስት ካርታዎች ሞልቶ ጠንካራ እጅ የሚሰጥዎት አምስተኛው ልብ በሚቀጥለው ካርታ የመምጣት ዕድሉ 19 በመቶ፣ በቀሩት ሁለት ካርታዎች ደግሞ 35 በመቶ ገደማ ነው። መሐል 100 ቺፕ ሳለ ባላጋራዎ የቀረችውን 50 ሁሉ አስገባ። 50 ከፍለው 200 ለመውሰድ 25 በመቶ ይበቃዎታል፤ ይክፈሉ። ያስገባው 150 ከሆነ ግን 37.5 በመቶ ያስፈልጋል፤ ካርታውን ይጣሉ። በመጀመሪያው ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል ይሸነፋሉ፤ ያም ሆኖ ልቡ ሲመጣ አሸናፊ እስካደረገዎት ድረስ በአማካይ 20 ቺፕ ያተርፋል። ብዙ ጀማሪዎች የሚከስሩት ባላጋራው ገና ቺፕ እያለው በ35ቱ ሲያሰሉ ነው። አራተኛው ካርታ ሲገለጥ እንደገና ሊያስከፍላቸው ስለሚችል፣ መነሻቸው 19ኙ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለው ትርፍ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ነው። አጫዋቹ ቤት የሚቆርጠው ኮሚሽን ተቀንሶ በ100 ዙር በአማካይ 5 ትልቅ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚገባው ትልቁ መወራረጃ፤ ትርፍና ኪሳራ የሚለካው በእሱ ነው) የሚያተርፍ ሰው ጎበዝ ነው። የ100 ዙር ውጤቱ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 90 ያህል ይዋዥቃል። ከ10,000 ዙር በኋላ የሚጠበቀው ትርፍ 500፣ መዋዠቁ ደግሞ 900 ነው። ስለዚህ ከአሥር እንዲህ ያሉ ጎበዞች ሦስቱ ያህል እስከዚያ ድረስ ኪሳራ ላይ ናቸው! ዙሩ 10 እጥፍ ሲሆን ትርፉም 10 እጥፍ ያድጋል፤ መዋዠቁ ግን ከ3 እጥፍ ብዙም አያልፍም። በ100,000 ዙር የመክሰር ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል።

በ2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራማቸውን ከአራት ባለሙያዎች ጋር 120,000 ዙር ያጫወቱት ይህን አውቀው ነው። ለአንዱ ባለሙያ የደረሰው ካርታ፣ ከሌላው ባለሙያ ጋር በሚደረገው ጨዋታ ለፕሮግራሙ እንዲደርስ በማድረግም የዕድልን ድርሻ ቀንሰዋል። ፕሮግራሙ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ስለ አሸናፊዎች የምትጽፉ ሁሉ የዙሩን ብዛት አብራችሁ ጻፉ። ቤቱ የሚቆርጠውንም አትርሱ። ባላጋራዎቹን በ100 ዙር 5 ብላይንድ የሚበልጥ ተጫዋች፣ ኮሚሽኑ 6 ከወሰደበት ችሎታው እያለ ይከስራል። ለእሱማ ዙር በበዛ ቁጥር ኪሳራው እየተረጋገጠ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር