የኪት ሚለር ሰሌዳዎች ዝናብ በላቸው፤ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ድረሱልን

በሜልበርን ለሰንሻይን፣ ለፉትስክሬይና ለአካባቢው ወገኖቻችን በሙሉ፦

ባለፈው ወር በዚያ የነፋስ ሌሊት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ተገንጥሎ፣ የአውስትራሊያዊውን ክሪኬት ተጫዋችና የጦር አውሮፕላን አብራሪ የኪት ሚለርን ሕይወት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያሳዩት 12 ሰሌዳዎቻችን ዝናብ ሲወርድባቸው አደረ። ስምንቱ አይተርፉም። ውሃው ከጠርዛቸው ገብቶ በወረቀቱና በፎሙ መካከል ሰርጓል፤ ወረቀቱ ተላጠ፣ አንደኛው ፊት ከሌላው ቀድሞ ሲደርቅም ሰሌዳው እንደ ቀስት ጎበጠ። ጠፍጣፋ ነገር ጭነንባቸው ሞከርን፣ አልሆነም። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ እጃችንን ስንዘረጋ እኛም አፍረናል።

«ለፈረንጅ ክሪኬት ተጫዋች እኛ ምን ቤት ነን?» ለምትሉን፣ ቤቱ እዚሁ ነው። ሚለር የተወለደው ልጆቻችን በሚያድጉበት በሰንሻይን፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1919 ነው (በእኛ ኅዳር 18 ቀን 1912)። ኪት ሮስ የተባለውም በዚያው ሰሞን ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ ይበሩ በነበሩት ወንድማማቾች፣ በኪትና በሮስ ስሚዝ ስም ነው። ሕፃኑ ሲወለድ እነሱ ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ዳርዊን ያረፉት ዲሴምበር 10 ነው። ይህ ሰሌዳ ቁጥር 1 ነው፤ ተመስገን፣ ተርፏል።

የጠፉት ግን ዋናዎቹ ናቸው። ቁጥር 4 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 በእንግሊዝ ቦርንማውዝ ላይ ስለወረደው የእሑድ ቦምብ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲያልቁ እሱ ለንደን ክሪኬት ሊጫወት ሄዶ ተረፈ። ቁጥር 5 የሞስኪቶ አውሮፕላን ሥዕል ነው፦ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ሰው (አብራሪና መንገድ መሪ)፣ አካሉም በአብዛኛው እንጨት። ሚለር በ169ኛው ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ከእንግሊዙ ግሬት ማሲንግሃም ተነሥቶ በጀርመን ዌስተርላንድ ላይ ሲዘምት፣ የታጠቀው ተቀጣጣይ ቦምብ አልለቅ ብሎ ክንፉ ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ። ሲያርፍ ወደቀ፤ አልፈነዳም። ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚቆሙት እዚህ ሰሌዳ ፊት ነበር።

ቁጥር 6ም ሄዷል። ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ በ11ኛው ቀን፣ ሜይ 19 ቀን 1945 በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ በተጀመረው የአውስትራሊያ ጦር ቡድንና የእንግሊዝ ግጥሚያ 105 ሩጫ (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጠረ። በነሐሴ ደግሞ እዚያው ሜዳ 185፣ ሰባት ሲክስ (ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ወሰን ስታልፍ የሚገኝ ስድስት ሩጫ) ያለበት። በኋላ በ55 ቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረግ ረጅም ግጥሚያ) 2,958 ሩጫና 170 ዊኬት (ከጨዋታ ያስወጣቸው ተጫዋቾች) አለው። ስለ ጨዋታ ጭንቀት ሲጠየቅ፣ ጭንቀት ማለት ሜሰርሽሚት (የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን) ከኋላ ሲከተል ነው፣ ክሪኬት አይደለም ማለቱ ይታወቃል። (ቃሉ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ለሕፃናት ስንል አለዘብነው።)

ስለ ወጪው ሐሜት አለና በግልጽ እንንገራችሁ። የመጀመሪያው ኅትመት የተበላሸው የማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር የግእዝ ፊደል ስላልነበረው ነው፤ ጽሑፋችን ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ወጣ። ሦስት ሰሌዳ ደግመን አሳትመናል። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን የምንልከው ፊደሉን ወደ ሥዕል መስመር ለውጠን ነው፣ ሙሉ መጠን ከመታተሙ በፊትም አንድ ትንሽ ናሙና እናያለን። ለትርጉም እርማትም ከፍለናል፦ ዊኬት ሦስቱን እንጨቶችም፣ በሜዳው መካከል ያለውን መጫወቻ ስፍራም፣ የተጫዋች መውጣትንም ስለሚል፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ሚለር «170 እንጨት አገኘ» ተብሎ ነበር! የፎቶግራፎቹ ፈቃድ ግን አንዴ ተከፍሏል፣ ዳግም አይከፈልም።

አሁን የሚያስፈልገው ይህ ነው። ስምንቱን ሰሌዳ በፎም ሳይሆን ውሃ በማይገባው በ3 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ለማሳተም፣ አንዱ በ185 ዶላር፣ 1,480። ሁለት መዝጊያ ያላቸው ጠንካራ ሣጥኖች 520። ለቤት ለቤት የሚታደለው 500 ትንሽ መጽሐፍ 2,000። ድምር 4,000 ዶላር። በሒሳቡ 1,150 አለ፤ የጎደለው 2,850 ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ 57 ቤተሰብ 50 ዶላር ቢያዋጣ ሞላ። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራም መስጊድ ሲሠራም ከእጃችሁ ጎድሎ አያውቅም፤ ሰሌዳዎቹም ከቅዳሴ በኋላም በኢድም የተዘረጉት ለሁላችን ልጆች ነው።

ክፍያው በኮሚቴው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በታደለው ካርድ ጀርባ ያለው ነው፤ አልተቀየረም። በማስታወሻው ቦታ «ሚለር» ብላችሁ ስማችሁን ጨምሩ። «ሚለር» ካልተጻፈ ገንዘቡ ከእድሩ መዋጮ ጋር ይቀላቀላል፣ ባለፈው ጊዜ አራት ሰው ያላግባብ «አልከፈሉም» የተባሉት በዚህ ነው። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ፣ የኮሚቴው ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትለቁ። በስልክ ሌላ ሒሳብ ቁጥር የሚልክላችሁ ቢኖር የእኛ ሰው አይደለም።

ልደቱ ኖቬምበር 28 ስለሆነና ኅትመቱ ሦስት ሳምንት ስለሚወስድ፣ እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ ይድረሰን። ደግመን፦ በካርዱ ጀርባ ያለው ሒሳብ፣ ማስታወሻ «ሚለር»፣ ከስማችሁ ጋር።

ኮሚቴው