ከግማሽ ገጹ የቀረው

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴና የልጅነት ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔም ወንድሞቼም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከተነጋገርን አንድ ዓመት ከሰባት ወር አለፈ። እናቴ ያረፈች ሰሞን «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለእኔም እናቴ ነበረች» ብለሽ የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ መልስ ልሰጥሽ ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ግን ከምን እንደምጀምር እየጠፋኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሰማንያዋ ግንቦት ላይ ወጣ። ዘመድ ወደየአገሩ ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ለአንቺ ያለኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ እንዳልሆነ ገባኝና ይህን ወረቀት ያዝሁ።

በመጀመሪያ የአባትሽን፣ የአባባን ነገር ልናገር። በታመሙባቸው አምስት ወራት ሁሉንም አውቅ ነበር። አንቺ ስትደውዪ ስልኩን የምይዝላቸው እኔ ነበርሁ። የምትደውዪበት ሰዓት ሲደርስ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ከፒጃማው በላይ ያን ግራጫ ኮታቸውን ይደርባሉ፣ እኛም ትራስ አስደግፈን ቀና አድርገን እናስቀምጣቸዋለን፤ እኔ ደግሞ የግሉኮሱ ማንጠልጠያ እንዳይታይሽ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዘንብዬ እይዛለሁ። «ትንሽ ጉንፋን ነው» ሲሉሽ ድምፃቸው እንዳይሰበር በሌላው እጃቸው አንሶላውን ጨብጠው ይይዙ ነበር። እንዳልነግርሽ እናቴ ፊት አስምለውኛል። «የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና ፍርድ ቤት ነው። ከሰማች ሁሉን ጥላ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ መመለሻ የላትም። ስምንት ዓመት የጠበቀችውን እኔ በሞቴ አላፈርስባትም» ነበር ያሉት። ከዚያ ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹ ሳይነጋ ቨርጂኒያ ያለውን በርሽን አንኳኩ። ለሥራ ልትወጪ ጫማሽን እያሰርሽ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። በዚያው ቀን ደውለሽ ያልሽኝ አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «አንቺም?» አልሽኝ።

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚነገረው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ እውነትም ነው። በሽታን መደበቅ ግን ሌላ ነገር መሆኑን፣ አባትሽን በወጉ እንዳትሰናበቺ መከልከል መሆኑን፣ የራሴን እናት አጠገቧ ሆኜ ሳስታምም ነው የተረዳሁት። መሐላውን በመጠበቄ አልጸጸትም ብልሽ ዋሾ እሆናለሁ፤ ባፈርሰው ኖሮ ደግሞ እሳቸውን ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። ይቅር በይኝ። ይቅርታውን በልብሽ ካላገኘሽውም ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ የያዘው የአንቺ የሆነ ነገር ነውና።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሰማሁ። ግማሽ ገጽ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ፣ በ1955 ዓ.ም. ምድር ባቡር ተቀጠሩ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በቅንነት አገለገሉ፣ የአራት ልጆች አባትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። አንድም ውሸት የለበትም። ነገር ግን ስሙን ብቻ ለውጠሽ ከዚያ ግቢ ከተቀበሩት ሽማግሌዎች ለማንኛቸውም ልታነቢው ትችያለሽ። ያን ጊዜ ነው አንቺን አጥብቄ የፈለግሁሽ፤ ብትኖሪ ኖሮ ወረቀቱን ከአንባቢው እጅ ተቀብለሽ የቀረውን በቃልሽ ትናገሪ ነበር ብዬ አሰብሁ።

አባባ ምድር ባቡር ሲሠሩ ዋና ሥራቸው ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ወርደው፣ ረጅም እጀታ ባለው መዶሻ የፉርጎዎቹን የብረት ጎማ አንድ በአንድ እየመቱ ማዳመጥ ነበር። ጤነኛ ብረት ሲመታ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ይይዘዋል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሐዲድ የሚጓዘው ሕዝብ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ በእነዚያ ሰዎች ጆሮ ላይ ተማምኖ ነበር የሚሳፈረው። እኛ በልጅነታችን ይህን የት አውቀን! የምናውቀው አባባ ስኒ ሲቀርብላቸው ጠርዙን በጥፍራቸው መታ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰምተው፣ በዚያ በባቡር ቤት ፈረንሳይኛቸው «ቦን» እንደሚሉ ነው። እናቴ አዲስ ስኒ ስትገዛ መጀመሪያ ይዛ የምትሄደው ወደ እሳቸው ነበር። አንድ ጊዜ ስድስቱን መትተው አምስተኛዋን ለዩና «ይህች ታማለች» አሉ። ወደ ብርሃን አዙረን ብናያት ምንም የለባትም። በሦስተኛው ቀን ፍል ቡና ሲቀዳባት ለሁለት ተከፈለች፤ ቡናውም ለጥምቀት የተገዛልሽ ነጭ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። መቼም ይህን አትረሺውም።

በመጨረሻው ሳምንት፣ መናገር ካቃታቸው በኋላ፣ የአልጋውን ብረት በቀለበታቸው መታ እያደረጉ ያዳምጡ ነበር። አስታማሚዎቹ ሕመሙ አስጨንቋቸው መሰላቸውና እጃቸውን ያዙ። እኔ «ተዉአቸው» አልሁ።

አሁን የምጽፍልሽን ግን እኔም ያወቅሁት ባለፈው ጥር ነው። በየዓመቱ ጥር 5 ቀን አባባ ጧፍ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቀኑ የአቦ ስለሆነ ስለታቸው ነው እንል ነበር። ዘንድሮ በዚያች ዕለት እናቴ፣ ከአልጋ ከዋለች ሳምንት ሆኗት ሳለ፣ በማለዳ «አንሡኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱኝ» አለች። ብንለምናት እንቢ አለች። በባጃጅ ደግፌ ወስጄያት ጧፏን አብርታ ከጨረሰች በኋላ፣ የግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጣ «ይህ የእኔ ስለት አይደለም፤ የጋሼ ነው። ዛሬ አርባ ዓመት ሞላው» አለችኝ።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል መግባታቸውን፣ ከ400 በላይ ሰው መሞቱንም በትልልቆቹ ወሬ እየሰማን አድገናል። እናቴ የነገረችኝ፣ የዚያን ባቡር ጎማዎች መትተው «ደኅና ነው፣ ይሂድ» ብለው ያሳለፉት አባባ እንደነበሩ ነው። አደጋው የደረሰው ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ እንደሆነ በጊዜው ተነግሯል፤ አባባንም የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ራሳቸውን መጠየቅ አላቆሙም። ፉርጎዎቹን ሊያነሣ ከሄደው ቡድን ጋር ተልከው ነበርና፣ ገደሉ ውስጥ የተገለበጡትን ጎማዎች ሰው ሳያያቸው በድንጋይ እየመቱ አዳምጠዋቸዋል። ሁሉም ጥርት ብለው ጮኹላቸው። ይህን ለእናቴ የነገሯት ከዚያ ተመልሰው የወሩን የእድር መዋጮ ሊከፍሉ መጥተው፣ እሷ ደረሰኝ ስትጽፍላቸው ነው። «ደወል ነበሩ፤ ሁሉም ደወል ነበሩ» ብለው አለቀሱ አለች። ስኒ መምታት የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስሰማ ለስንት ዓመት «ቦን» ሲሉ እየተቀባበልን የሣቅነውን ሣቅ አስቤ ዝም አልሁ። አንቺም ስታነቢው ምን እንደሚሰማሽ ዐውቃለሁ። እናቴ «ለልጁ ሳይነገራት አይቅር» ብላኛለች፤ ከእሷ አፍ የተቀበልሁትን አድርሻለሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆየች። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ ብዙ ሳትጨነቅ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ዱሮው ሁሉም ነበሩ፤ የሶማሌ ጎረቤታችን ሦስቱንም ቀን ሆጃ በፔርሙዝ እያመጡ ሲያድሉ፣ የእድሩ ሙስሊም አባሎች አስከሬኑን ተቀባብለው ሲሸከሙ ብታዪ አገርሽ ቦታው ላይ እንዳለ ታውቂ ነበር። የሕይወት ታሪኳን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የአባባን ባነበቡት ሰዎች አዝኜ የነበርሁት እኔ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ አድሬ ሲነጋ እጄ ላይ የነበረው ግማሽ ገጽ ነው። ተወለደች፣ ተማረች፣ በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ አስተማረች፣ እድሩን አርባ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት አገለገለች። ከዚያ በላይ ብዕሩ አልሄደልኝም።

ከሰባቷ በኋላ የእድሩን መዝገብ ለአዲሷ ጸሐፊ ላስረክብ ሣጥኗን ከፈትሁ። መዋጮ የሚመዘገብበትን ትልቁን ደብተር ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሥሩ ግን ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ሌላ መዝገብ አለ። ያረፉ አባሎችና ቤተሰቦቻቸው በየቀናቸው ተመዝግበዋል፤ ስም፣ ቀን፣ የተሰጠው ገንዘብ፣ የወጣው ድንኳንና ወንበር። እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ከዚያ ዓመት ሐምሌ ማለቂያ ጀምሮ ግን በየስሙ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ አንዳንድ መስመር ተጽፏል።

የዚያ ዓመት ሐምሌ ማለቂያ ደቻቱ የሞላበት ሌሊት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው የሚነግድበትና ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ወንዝ፣ ደጋው ላይ የጣለውን ዝናብ ተሸክሞ ወርዶ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አንቺ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርሽ። ከእኛ እድር ሰባት ሰው ሞተ፤ የእድሩ ሣጥን ደግሞ ለሦስት ቀብር እንኳ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። እናቴ ስምና ቀን ጽፋ የገንዘቡን ዓምድ ባዶ መተው ያልሆነላት ይመስለኛል። በመጀመሪያው ስም አጠገብ «ወተት ስትሰፍር ሁልጊዜ ጠብታ ትጨምር ነበር» ይላል። ቀጥሎ «ድምፁ አያምርም ነበር፤ ግን ክርስትና ቤት ዘፈን የሚያነሣ እሱ ነው» ይላል። ከሥሩ ስም የሌለው መስመር አለ፤ «የአራት ዓመት ያህል ልጅ። የሚያውቃት አልተገኘም። እግሯ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። እኛ ቀበርናት።» ያቺ ልጅ የእድሩ አባል አልነበረችም። እናቴ ግን መዝግባታለች።

ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ስምንት ዓመት ተኩል የሞተውን ሁሉ እንዲህ አድርጋ ጽፋለች፤ ሰውዬው አስቸጋሪ ከነበረም አልዋሸችለትም፣ ግን ከአስቸጋሪነቱ ሌላ የነበረውን ፈልጋ አግኝታለች። ለአንድ ሰው አንድ መስመር ብቻ ነው የምትሰጠው፤ ያን አንድ መስመር ግን ሌላ ሰው ሊወስደው አይችልም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ገጽ ላይ የአባባ ስም አለ። አጠገቡ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጇ እንዲህ ይላል፤ «ጆሯቸው ቅን ነበር። ጥር 5ን አንድም ዓመት አልረሱም።» ገጹን ፎቶ አንሥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፤ ወደ መስኮት አስጠግተሽ እይው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። አዲሷ ጸሐፊ፣ ያቺ እናቴ በማታ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረቻት የመጋላ ነጋዴ ልጅ ናት፣ መዝገቡን ገልጣ ካየች በኋላ መልሳ ሰጠችኝና «የእትዬን መስመር አንቺ ሙይልን፤ እኛ አንደፍርም» አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሞከርሁ። የጻፍሁት ሁሉ ወይ ምስጋና ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ለቅሶ ይሆናል፤ እሷ ለሰው እንደጻፈችው ዓይነት አልወጣ አለኝ። ምናልባት እኔ በጣም ቀርቤ ስለኖርሁ ይሆናል። አንቺ እማማ ከሄዱ ጀምሮ እኛ ቤት ስትበዪ፣ ስትገሠጪ፣ ስትታጠቢ ያደግሽ ነሽ፤ ቡና የፈሰሰበትን ቀሚስ ሦስት ሌሊት በሎሚና በሳሙና ስታሸው አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ያየሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ ተኝቼ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ምን ትልሽ እንደነበር ጠይቄሽ አላውቅም።

አንዲት መስመር ጻፊላት። በወረቀትም ይሁን፣ በድምፅም ይሁን፣ እንደመጣልሽ ላኪልኝ፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ እገለብጠዋለሁ፣ ቃሉን አልነካም። እድሩ የሚሰበሰበው ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ እኔ ዘንድ ይቆያል፤ ስሟና ቀኗ ተጽፏል፣ አጠገቡ ክፍት ነው።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ