ሮም ሄጄ ነበር፤ አትቆጪ

ልጄ፣

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስቴም «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብለሽ ስትጀምሪ ወኔዬ ከዳኝ። ስለዚህ ልጻፍልሽ። ባለፈው «ጉንፋን ይዞኝ ነው ስልክ ያላነሳሁት» ያልኩሽ ውሸት ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ሮም ነበርኩ። አዎ፣ ጣልያን አገር። ከክርስትና እናትሽ ጋር።

ጉዞው የእሷና የባሏ ነበር። ሆቴሉ ተከፍሏል፣ ገንዘቡ አይመለስም። ሊሄዱ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ሥራ ቦታ ፈቃዱን ከለከሉት። ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ ለእሷ አልነገርኳትም። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ጋ ያዘችኝ።

«ፓስፖርትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ምን አገባሽ?» አልኳት። ለካ አግብቷታል።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ለአንድ ቪዛ የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤና የቤት ካርታ ተሸክሜ ሄጄ ባዶ እጄን የተመለስኩ ሰው ነኝ። በአሜሪካ ፓስፖርት ግን እስከ 90 ቀን ቪዛ የሚባል ነገር የለም። ፓስፖርቱ ብቻ ከተመለስሽ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ ይሁን። ሰበብ አጣሁ። «ጉልበቴስ?» አልኳት በመጨረሻ። «የእኔም እንደዚያው ነው፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው እንወጣለን» አለች።

ሁዳዴ ስለነበር ሰው ሮም ሄዶ የሚበላውን አንዱንም አልበላንም። በሁለተኛው ቀን ግን ማሪናራ የሚሉት ፒዛ አገኘን። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ኦሬጋኖ፤ አይብ አይነካውም። የእኛን ጾም አስበው የሠሩት ነው የሚመስለው። ስድስት ቀን ሙሉ እሱን በላን። ቡና ቆመሽ ስትጠጪ ርካሽ ነው፣ ከተቀመጥሽ ዋጋው ሌላ ነው። ማኪያቷቸውን አልቀመስኩትም፣ በዓይኔ ግን አይቼዋለሁ። ሲኒዋ ከእኛ የጀበና ሲኒ አትበልጥም፣ ወተቷም ጠብታ ናት። ፒያሳ እንዲህ አድርጎ የሚያቀርብ ቤት ቢኖር ጠብ ይነሳል።

ቋንቋው ብዙም አልቸገረንም ብልሽ ታምኛለሽ? የክርስትና እናትሽ አባት ጋራዥ እንደነበራቸው ታውቂያለሽ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ ስትል ነው ያደገችው። አውቶቡሱ መውረጃችንን ሊያልፍ ሲል ከኋላ ሆና «ፌርማታ!» ብላ ጮኸች። ሾፌሩ ቀጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣልያንኛ እችላለሁ ብላ አረፈችው። በማግስቱ ቲኬታችንን ማሽኑ ላይ ሳንመታ ተቀምጠን ተቆጣጣሪ ሲይዘን ግን ጣልያንኛዋ አላዳነንም። መግዛቱ ብቻ አይበቃም ለካ። ቅጣቱን ስንት እንደከፈልን አልነግርሽም።

አንድ ቀን በመንገድ ስናልፍ አምባ አራዶም የሚል የመንገድ ስም አነበብን። በ1928 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ተራራ ነው። ጣልያኖች ዛሬም ለትርምስ «አምባራዳን» ይላሉ፤ ቃሉ የወጣው ከዚያው ጦርነት ነው። እሷ እንኳ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ፣ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች።

እኔ የሄድኩት ግን ለአንድ ቦታ ነበር። ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱምን ሐውልት ወስደው ከስልሳ ዓመት በላይ ያቆሙበት አደባባይ፣ ፋኦ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የምግብ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ እንደገባ አንቺም ታውቂያለሽ። ባዶ ቦታ ልታይ ነው የሄድሽው ብትይኝ እውነትሽን ነው። አያትሽ ግን ስለዚያ ቦታ ሺህ ጊዜ ነግረውኛል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚያ አለፈ። ሞሮኮአዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው እዚያው ሐውልቱ አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። እኔ ያኔ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። «አዲሱን ዓመት እሱ ነው ይዞልን የመጣው» ይሉ ነበር አባባ፣ ማግስቱ እንቁጣጣሽ ስለነበር።

ቦታው ባዶ አይደለም። ሁለት ያረጁ የድንጋይ ዓምዶች ቆመውበታል። ምን ይሆኑ ብለን ጠጋ አልን። በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 2001 አሜሪካ ላይ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ነው። በቁሜ ደረቅኩ። ያም ቀን እንቁጣጣሽ ነበር እኮ፣ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.። ታስታውሺያለሽ? ስምንት ዓመትሽ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነበርን። ዶሮው ከማታ ጀምሮ ተሠርቶ፣ ቀሚስሽ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሎ። ሮጬ ከትምህርት ቤት ላወጣሽ ስመጣ «ለእንቁጣጣሽ ነው በጊዜ የመጣሽው?» ብለሽ ደስ አለሽ። የፔንታጎን ጭስ ከመንገድ ይታይ ነበር። እኔም «አዎ» አልኩሽ። ዶሮውን ግን ማንም አልነካውም።

ይህን ሁሉ እዚያ ቆሜ ለእሷ ነገርኳት። ሰማችኝና ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«ምን ሆነሻል?»

«እግሬ አብጧል።»

ሰበብ ናት፤ እግሯ ምንም አልሆነም። አበበ የጨረሰበት የቆስጠንጢኖስ ቅስት ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጫማዋን በእጇ ይዛ መንገዱን ጀመረች። ምን ላድርግ? እኔም አወለቅኩ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንዱም ይወጋል። ሁለት ጊዜ አረፍን። አንድ ቱሪስት ፎቶ አነሳን፣ የሆነ አገር የሆነ ስልክ ውስጥ ጫማችንን ይዘን አለን ማለት ነው። ቅስቱ ጋ ስንደርስ ሰዓቷን አየችና «የአበበ ሪከርድ አልተነካም» አለች። እየሳቅን መሬት ተቀመጥን። ለመነሳት ግን ሰው ረዳን፤ ይህን ለባሏ አትንገሪ።

ጉልበቴ ደህና ነው። መድኃኒቴን አንድም ቀን አላቋረጥኩም፣ ከፈለግሽ እሷን ጠይቂ። ላንቺ ሰማያዊ ሻርፕ ገዝቼልሻለሁ፤ ለፋሲካ ስትመጪ ትወስጃለሽ። እሷ ደግሞ ሰሞኑን ስለ ሊዝበን ማውራት ጀምራለች። ፓስፖርቴ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

እናትሽ