ሙዚቃ ለገንዘብ ብቻ አይሠራም

ወጣቱ ወደ ሙዚቃ የሚገባው ለዝናና ለገንዘብ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው ጎንደር ነው። እዚህ አዝማሪነት በአብዛኛው ከአባት ለልጅ የሚወረስ ሙያ ነው። ለገንዘብ ቢሆን ኖሮ ድሮ በቀረ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ አውቃለሁ። ከመጫወታቸው በፊት ደጋኑን የዛፍ ሙጫ ያሹታል። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ማሲንቆው ጠጋ አድርገው ይቃኛሉ። ያለቻቸው አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናት። በእሷ ግን ትዝታውንም፣ ባቲውንም፣ አምባሰሉንም፣ አንቺሆዬውንም ያወጡታል! ሰው በሌለበት ምሽት እንኳ ሳይጫወቱ ቤታቸው አይገቡም። ካልተጫወቱ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነግረውኛል።

ደግሞም አዝማሪ የሰው አፍ ነው። አድማጭ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ ያዜማል፤ ሰው በግልጽ የማይለውን በሰምና ወርቅ ያወጣዋል። ይህን አንዴ የቀመሰ በቀላሉ አይተወውም።

የከተማችን የባህል ቢሮ አንድ ነገር ቢያደርግ ደስ ይለኛል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የቀበሌ አዳራሽ ይክፈት። አንጋፋ አዝማሪዎችም አበል እየተከፈላቸው እዚያ ለልጆች ማሲንቆ ያስተምሩ።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር